የልጅ ክፍል ከአጎበር ይጀምራል

«የልጄን ክፍል ላሳምር» ብሎ የተነሳ ወላጅ መጀመሪያ የሚያስበው ሱቅ ነው፤ ባለ ካርቱን መጋረጃ፣ የግድግዳ ተለጣፊ፣ በጨለማ የሚያበራ ኮከብ። ከውጭ በሚመጡ ሥዕሎች ላይ የምናያቸው የልጆች ክፍሎች ይህ ሁሉ አላቸው። አልጋው ላይ ግን አጎበር የለም። መልካሳ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ አጎበር የሌለው የልጅ አልጋ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ገና ያላለቀ አልጋ ነው።

መልካሳ ከአዳማ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ አዋሽ ወንዝ ዳር የምትገኝ፣ ከፍታዋም ከባሕር ጠለል በላይ 1,550 ሜትር አካባቢ የሆነ ከተማ ናት። በአገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ነው። ስለዚህ ጉዳዩ አዳማን፣ ወንጂን፣ መቂንና ባቱንም ይመለከታል። ዋናው የወባ ወቅት ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በበሽታው በብርቱ ከሚጎዱት መካከል ናቸው።

ችግሩ ብዙ ልጆች አጎበር አለመውደዳቸው ነው። ይሞቃቸዋል፤ ዙሪያቸው የተዘጋ ይመስላቸዋል፤ ሌሊት በእግራቸው ገፍተው ያወጡታል። ቁጣ እዚህ ላይ ብዙም አይሠራም። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሰው በእጁ የሠራውን ነገር ከተገዛለት አብልጦ ይወዳል። ልጅም ያው ነው። አጎበሩን «የእኔ ድንኳን» ካለው፣ ለመግባት አይለመንም።

የዚህ ወር ሦስት ሥራዎች ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ዕቃም ቤት ውስጥ ይገኛል።

1. የአጎበር ዘውድ

የሚያስፈልገው፦ ካርቶን፣ መቀስ፣ ኮላ፣ ከለር፣ ከአሮጌ ነጠላ ወይም ከአበሻ ቀሚስ የተረፈ ጥለት።

ካርቶኑን አንድ ስንዝር ወርድ ባለው ረጅም ቁራጭ ቁረጡት። የላይኛውን ጠርዝ እንደ ዘውድ ጥርስ ጥርስ አድርጉለት። መቁረጡ የእናንተ፣ ቀለም መቀባቱ የልጁ ሥራ ይሁን፤ ፀሐይ ይሣልበት፣ ዓሣ ይሣልበት፣ እሱ ያውቃል። ጥለቱን በታችኛው ጠርዝ ዙሪያ በኮላ ለጥፉ። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች አገናኝታችሁ ቀለበት ሥሩ። ቀለበቱ አጎበሩን ከላይ ከሚዘረጋው ክብ ነገር ጠበብ ማለት አለበት።

አጎበሩን ከመስቀላችሁ በፊት የማንጠልጠያውን ገመድ በዘውዱ መሐል አሳልፉት። አጎበሩ ሲሰቀል ዘውዱ ያለ መርፌ፣ ያለ ፕላስተር፣ በራሱ ጫፉ ላይ ይቀመጣል። አጎበራችሁ አራት ማዕዘን ከሆነ ደግሞ አራቱን ገመዶች በጥለት ጠምጥሟቸው፤ ክፍሉ የሠርግ ድንኳን ይመስላል።

ሕጉ አንድ ነው፤ አጎበሩን ራሱን አትንኩት። መርፌ አይሰካበት፣ አይቆረጥ፣ ኮላ አይቀባ። ትንኝ በጠባብ ቀዳዳም ትገባለች። ቀዳዳ ካገኛችሁ ዛሬውኑ ስፉት። አዲስ ኬሚካል የተነከረ አጎበር ከመሰቀሉ በፊት ለ24 ሰዓት ጥላ ሥር ተዘርግቶ ይናፈስ። ሲቆሽሽ በቀዝቃዛ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠብ፤ ሦስት ወር ሳይሞላው ደጋግሞ ማጠብ ግን ኬሚካሉን ይጨርሰዋል። የሚሰጣውም ጥላ ላይ ነው፤ ፀሐይ ኬሚካሉን ያደክመዋል። እጣቢውን አዋሽ ወይም ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ለዓሣ መርዝ ነው። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሻማ ወደዚህ አልጋ አይቅረብ።

2. የቦሎቄ ፊደል

መልካሳን አገር የሚያውቃት በግብርና ምርምር ማዕከሏ ነው። ማዕከሉ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን እንደ አዋሽ-1 እና ናስር ያሉ የቦሎቄ ዝርያዎች የወጡት ከዚያ ነው። አዋሽ-1 ነጭ፣ ናስር ቀይ ነው። ለእኛ ሥራ ከዚህ የተሻለ ቀለም የለም፤ ነጭ ቦሎቄ፣ ቀይ ቦሎቄ፣ ቢጫ በቆሎ፣ ጥቂት ምስር።

ቦሎቄውን መጀመሪያ ምጣድ ላይ ትንሽ አሙቁትና አቀዝቅዙት፤ አለዚያ በሁለት ወር ውስጥ ጌጣችሁን ነቀዝ ይጨርሰዋል። ወፍራም ካርቶን ላይ የልጁን ስም የመጀመሪያ ፊደል በትልቁ ጻፉ። ፊደሉ ውስጥ ኮላ ቀቡና ልጁ ፍሬውን አንድ በአንድ ይደርድር። ፊደሉ በነጭ፣ ዙሪያው በቀይ ቢሞላ ያምራል። ለሌሊቱ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አስተኝታችሁ አድርቁት። የዱቄት ሙጫ አትጠቀሙ፤ በረሮና አይጥ ይጠራል።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ካላችሁ ይህን ሥራ ለጊዜው ተዉት። ቦሎቄ ጉሮሮ ያንቃል፤ አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገባም በእርጥበት ያብጣል። ሁለተኛ፣ ለዘር የተዘጋጀ ፍሬ ፈጽሞ አትጠቀሙ። የዘር ፍሬ ብዙ ጊዜ በፀረ ተባይ የታሸ ነው፤ ለዚህም ምልክት እንዲሆን ቀይ ወይም ሌላ ደማቅ ቀለም ይቀባል። ከወጥ ቤት የወጣው ብቻ ይሁን። ሦስተኛ፣ መንገድ ዳር የሚበቅለው የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርነቱ ልጆችን ይስባል፤ ግን መርዛም ነው፣ ቤት አይግባ።

3. የእንቁጣጣሽ ገመድ

ወንዶች ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለው ለጎረቤት ሲሰጡ፣ ሴቶቹ አደይ አበባ ይዘው ሲዘፍኑ ሁላችንም አድገናል። ሥዕሎቹ ግን ከበዓሉ በኋላ የት ይገባሉ? በግድግዳው ርዝመት አንድ ገመድ ዘርጉና በልብስ መቆንጠጫ ስቀሏቸው። ከጀርባቸው ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። በየወሩ አሮጌው ይወርዳል፣ አዲሱ ይወጣል፤ ማን እንደሚወርድ የሚወስነው ልጁ ነው።

የት ከፍታ ላይ ይሰቀል? ሱፐርማርኬት ውስጥ ቶሎ የሚነሳው ዕቃ በዓይን ትክክል የተደረደረው ነው። የአራት ዓመት ልጅ ዓይን ያለው ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኛ ግን በራሳችን ቁመት ሰቅለን ልጁ ጣሪያ እንዲያይ እናደርገዋለን። ዝቅ አድርጉት። ገመዱ ግን ከአልጋው ራቅ ብሎ ጥብቅ ተደርጎ ይወጠር፤ ተንጠልጥሎ የሚቀር ጫፉም ከአንድ ስንዝር አይብለጥ። ረጅም ገመድ በሕፃን አንገት ሊጠመጠም ይችላል።

ገመዱን የመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለ። በወባማ አካባቢ የቤት ግድግዳ ፀረ ወባ ኬሚካል ይረጫል። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ ኬሚካሉ የሚያገኛት እዚያ ነው። የተረጨ ግድግዳ ላይ ቀለም ከቀባን፣ ከለሰንን ወይም በወረቀት ከሸፈንነው መድኃኒቱን ሸፈንነው ማለት ነው። ስለዚህ ቤታችሁ ከተረጨ፣ የግድግዳ ቀለምና ወረቀት ከማሰባችሁ በፊት የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ መቼ እንደሚቻል ጠይቁ። ገመድ ግን ሁለት ሚስማር ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ርጭት ሲመጣም በአንድ ደቂቃ ይወርዳል።

እንግዲህ ሦስቱንም በአንድ ቅዳሜ መጨረስ ይቻላል። ጠዋት ቦሎቄውን ለጥፉ፣ ከሰዓት ዘውዱን ቀቡ፣ ማታ አጎበሩን ልጁ ራሱ «እዚህ ጋ» እያለ አብራችሁ ስቀሉ። የአጎበሩን ጫፍ ፍራሹ ሥር የማስገባቱን ሥራም በየማታው ለእሱ ስጡት። የድንኳኑ ባለቤት በሩን ራሱ ይዘጋል። እናንተ ከተኛ በኋላ አንድ ጊዜ ዞር ብላችሁ እዩለት።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጁ ካተኮሰው «ይለፍለት» ብላችሁ አትጠብቁ። በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ።