ለወርክሾፓችን የትኛው ይሻላል፤ ራውተር ወይስ ሚሊንግ ማሽን?

ሰሞኑን በሻይ ክበብም ሆነ በመኝታ አዳራሽ የሚወራው አንድ ነገር ነው። ለወርክሾፑ አንድ ማሽን የሚገዛበት ገንዘብ ተገኝቷልና ሲኤንሲ ራውተር ይሁን ወይስ ሲኤንሲ ሚሊንግ ማሽን? አስተያየት ያለው እስከ ዓርብ ያቅርብ ተብለናል። እኛ የብረታ ብረት ክፍል ሠልጣኞች ነን። «የብረት ልጅ መቼም ሚሊንግ ነው የሚለው» ተብሎ ይጠበቃል፤ እኛም ባለፈው ሳምንት እንደዚያው ስንል ነበር። እርሳስ አንሥተን ካሰላን በኋላ ግን ሐሳባችን ስለተለወጠ ምክንያቱን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን።

በቅድሚያ ስሙ ራሱ ብዙዎችን አደናግሯል። ራውተር ሲባል ዋይፋይ የሚሰጠው ሣጥን የመሰላቸው አሉ። (ሚሊንግ ሲባል ደግሞ አንዱ ወንድማችን «ለወፍጮማ ምን ኮምፒዩተር ያስፈልገዋል?» ብሎ በሳቅ ገድሎናል።) ሁለቱም በፕሮግራም የሚታዘዙ፣ በሚሽከረከር መቁረጫ የሚሠሩ ማሽኖች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በይፋ ያሳየው በቁጥር የሚታዘዝ ማሽን ሚሊንግ ነበር።

ልዩነታቸው በአካላቸው ነው። ሚሊንግ ማሽን ከወፍራም ካስት አይረን ይሠራል፤ ከባድ ነው፤ ጠረጴዛው ጠባብ ነው፤ መቁረጫውን በዝግታ፣ ግን በኃይል ያዞራል። ራውተር በአንጻሩ ቀለል ያለ ነው። ባለ 1.22 በ2.44 ሜትር ኮምፔንሳቶ ሙሉውን የሚያስተኛ አለ፤ ከላዩ ድልድይ የመሰለ ተሸካሚ ይመላለስበታል፤ መቁረጫውም በደቂቃ 18,000 ወይም 24,000 ዙር ይዞራል።

ከዚህ ላይ ነው ክርክሩ የጦፈው። «24,000 ዙር እያለ ብረቱን እንደ ቅቤ ነው የሚቆርጠው!» የሚል ጓደኛ አለን። እስቲ እናስላው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር የሐይ ስፒድ ስቲል መቁረጫ ተራ ብረት ሲቆርጥ ጠርዙ በደቂቃ 30 ሜትር ያህል ቢሄድ ይበቃዋል። የመቁረጫው ዙሪያ 3.14 ሲባዛ በ0.01፣ ማለት 0.0314 ሜትር ነው። 30ን ለ0.0314 ስናካፍል በደቂቃ 955 ዙር ይመጣል። ራውተሩን ዝቅ አድርገን በ8,000 ዙር እንኳ ብናስነሣው ጠርዙ በደቂቃ 251 ሜትር ይሮጣል፤ ከሚችለው ከ8 እጥፍ በላይ! ጥርሱ ግሎ ወዲያው ይዶለዱማል። ዙሩን ወደ 955 እናውርደው ቢባል ደግሞ የራውተሩ ሞተር ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ራውተር ለእኛ ብረት አይሆንም። በጥንቃቄ ከተያዘ አሉሚኒየም ይቆርጣል፤ ግዛቱ ግን እንጨት፣ ኤምዲኤፍና ፕላስቲክ ነው።

ታዲያ ይህን እያወቃችሁ ለምን ራውተር መረጣችሁ? እኛ ነገ የምንመደበው አስተማሪ ሆነን እንጂ የፋብሪካ ሠራተኛ ሆነን አይደለም። ከአንድ ኮምፔንሳቶ የፊደል ገበታ፣ የክፍልፋይ ማስተማሪያ ክበቦች፣ ተራራና ሸለቆው በእጅ የሚዳሰስ የኢትዮጵያ ካርታ ይወጣል። ካርታው ለዓይነ ስውር ተማሪ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት ያስፈልጋል?

ሌላው የስሕተት ጉዳይ ነው። ጀማሪ ነንና እንሳሳታለን። ዜሮውን አሳስተን መቁረጫውን ወደ ታች ብንሰደው ራውተር ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው አንድ ቀጭን መቁረጫ ነው። ሚሊንጉ ላይ ግን ስፒንድሉ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ ከዚያ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ባለሙያ ሲጠብቅ ዓመት ያልፋል። ጂ-ኮድ ደግሞ በመሠረቱ ለሁለቱም አንድ ነው፤ በራውተር ላይ የተማረ ሰው ሚሊንግ ሲያገኝ እንግዳ አይሆንም።

ሸራ ካልን አይቀር በወርክሾፓችን ጥግ በእጅ የሚሠራ አሮጌ ሚሊንግ ማሽን አለ እኮ! እኛ ከገባን ጀምሮ ሲዞር አላየነውም። የጎደለው ቺንጋና መቁረጫ ነው ይባላል። ይኼ ከተጠገነ የብረት አቆራረጥን እጃችን በእጀታው ላይ ሆኖ እንማራለን። ጥገናው ከግዢው ጋር በአንድ ወረቀት ይጠየቅ እንላለን።

ራውተሩም ነቀፋ የለበትም አንልም። አቧራው ሳንባ ይጎዳል፤ መሳቢያው አብሮ ካልተገዛ ባይመጣ ይሻላል። መብራት ሲጠፋም ጣጣ ነው፤ ለጉብኝት በሄድንበት አንድ የእንጨት ሥራ ቤት በር እየተቀረጸ ሳለ መብራት ሄደ፤ ሲመለስ ማሽኑ የነበረበትን ቦታ ስቶ ጣውላው ተበላሸ። እርግጥ ይህ ሚሊንጉንም አይምረውም። የመቶኛ ሚሊ ሜትር ጥራት የሚጠይቅ ሥራም ከራውተር አይጠበቅም፤ እዚህ ላይ የእኛ ክፍል እንደሚጎዳ እናውቃለን፤ ቅርም ይለናል።

ከክፍላችን ልጆች ገና ያልተስማሙ አሉ። ከዚህ ጽሑፍ በታች የግማሽ ገጽ ቦታ ትተናል፤ ስሌታችን ከተሳሳተ ከዓርብ በፊት ቁጥር ይዛችሁ ጻፉበት።