ልጅዎ «ሠዓሊ እሆናለሁ» ቢል

«ልጄ የሕፃናት መጽሐፍ ሠዓሊ እሆናለሁ ይላል፤ ሥዕል እንጀራ ያወጣል ወይ?» የሚሉ ወላጆች ጥቂት አይደሉም። የዚህ አምድ መልስ አጭር ነው፤ ያወጣል፣ ግን እንደ ሱቅ በሥርዓት ከተያዘ ነው።

ወይዘሮ ጁዲት ከርን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1923 በርሊን ተወለዱ። አባታቸው ናዚዎች የሚጠሏቸው አይሁዳዊ ጸሐፊ ስለነበሩ ቤተሰቡ በ1933 ተሰደደ፤ በስዊዘርላንድና በፓሪስ አልፎ በ1936 ለንደን ገባ። በበርሊን ስመ ጥር የነበሩት አባት በስደት አገር ብዕራቸው ቤተሰብ ሊያኖር አልቻለም። ልጅቱ ግን በስኮላርሺፕ ሥዕል ተማሩ፤ ለቢቢሲም ሠሩ። ለሴት ልጃቸው ይተርኩላት የነበረውን የነብር ተረት ሥለውና ጽፈው ያሳተሙት በ1968፣ ወደ 45 ዓመት ሲጠጉ ነው። በ2019 በ95 ዓመታቸው አረፉ፤ መጽሐፉ ዛሬም ይሸጣል።

ዋናው ቁም ነገር ባለቤትነቱ ነው። በ1988ቱ የብሪታንያ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት በግሉ የሚሠራ ሠዓሊ የሥዕሉ የመጀመሪያ ባለቤት ራሱ ነው። መብቱ ከሞተ በኋላም ለወራሾቹ 70 ዓመት ይቆያል። በሕይወት ሳለ ለሌላ የሚያልፈው በጽሑፍ ፈርሞ ከሰጠ ነው። እንግዲህ አንድ አሳታሚ ለ32 ገጽ መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከፍሎ «መብቱን በሙሉ አስረክብ» ቢል፣ መስማማት ታክሲን በአንድ ጉዞ ሒሳብ እንደ መሸጥ ነው። ደኅና ውል ቅድሚያ ክፍያ፣ ኋላም ከሽያጩ ድርሻ ያስገኛል። በ1979 በወጣ ሕግ ደግሞ መጽሐፉ ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በተዋሰ ቁጥር ለጸሐፊውም ለሠዓሊውም ይታሰባል። ለአንድ ውሰት የሚደርሰው ጥቂት ፔንስ ነው፤ ያልተመዘገበ ግን እርሱንም አያገኝም።

ሙያው ከሠፈራችን የራቀ አይደለም። ፍራንሲስ ሊንከን የተባለው አሳታሚ ለብዙ ዓመታት የሠራው እዚሁ ኬንቲሽ ታውን ነበር። በ1991 ያወጣው፣ ካሮሊን ቢንች የሣለችው «አሜዚንግ ግሬስ» ባለታሪኳ ጥቁር ልጃገረድ ናት። የእኛን ጀበናና የእኛን አያቶች አሳምሮ ለመሣል ደግሞ ከእኛ ልጆች የተሻለ ማን አለ?

ገቢው ዘግይቶ እንደሚመጣ አንሸሽግም። ስለዚህ ልጅዎ ሌላ ሥራ ይዞ ይጀምር። በግል ሥራ ገቢ ማግኘት ሲጀምር፣ የግብር ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ ኦክቶበር 5 ለግብር መሥሪያ ቤት ያስታውቅ፤ የቀለምና የወረቀት ደረሰኝ አይጣል። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በግል መሥራት እንደማይፈቀድለት፣ የስደተኝነት መብት የተሰጠው ግን እንደሚችል ይታወቅ።

የሱቅ ኪራይ ውል ሳያነቡ የማይፈርሙ አባትና እናት፣ የልጃቸውንም ውል አብረው ያንብቡ። ልጁን «ተው» ከማለት ይህ ይበልጥ ይጠቅመዋል።