የጊታር ተማሪ ቅኝትን መቼ ይወቅ?

ክራር የሚማር ልጅ የመጀመሪያውን ዘፈን ከመጫወቱ በፊት ቅኝት ይገጥመዋል። ክሩን አጥብቆና አላልቶ ካላስማማ ትዝታም ሆነ አምባሰል አይወጣለትም። አማርኛችንም መሣሪያ ማስማማቱንና የዜማውን ስልት በአንድ ቃል፣ “ቅኝት” ብሎ ይጠራል።

ጊታር ላይ ግን ዘፈን ስለተለወጠ ክር አይጠብቅም፣ አይላላም፤ የሚለወጠው የጣት አረማመድ ነው። ስለዚህ አዳማ ወይም ሻሸመኔ ጊታር የጀመረ ወጣት ኮርድ ሲመታ ከርሞ ትዝታን ከባቲ ሳይለይ ሊቀር ይችላል። ሌላው ደግሞ ከስልኩ ላይ ዶሪያን፣ ፍሪጂያን እያለ የምዕራባውያንን የስኬል ስም ይሸመድዳል፤ አንድ ዘፈን ግን ከዳር አያደርስም። ለሁለቱም መልሴ አንድ ነው፦ ቅኝት ከመጀመሪያው ቀን በጆሮ ይጀመር፤ ስሙና ስሌቱ ጆሮ ሲጠይቅ ይምጣ።

የመጀመሪያው ቀን አይከብድም። ምንም ሳትጫኑ ስድስቱን ክሮች ከወፍራሙ ጀምራችሁ ምቱ፦ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ከሶል አስነስታችሁ ስትደረድሯቸው ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ይሆናሉ። ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ጊታሩ ገና ከመቃኘቱ የምናውቀውን ዜማ ይዟል ማለት ነው። አሁን እነዚሁን ድምፆች ፍሬት ላይ እየተጫናችሁ አግኟቸውና ሲንና ሚን በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጉ፤ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ክራር ደርዳሪ ሁለት ክር አላልቶ የሚያገኘውን ጊታሪስቱ ሁለት ጣት አንድ ፍሬት ወደ ኋላ መልሶ ያገኘዋል። ተማሪው ልዩነቱን እያንጎራጎረ ይስማው፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ይህ አካሄድ አዲስ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ዜማ ተማሪ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን የሚለየው ከየኔታ አፍ ተቀብሎ እያዜመ ነው። ድምፃዊው አሊ ቢራም ገና በልጅነቱ ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከአፍራን ቀሎ ቡድን ጋር እየዘፈነ ነው ያደገው።

ታዲያ ቲዎሪ መቼ ግድ ይላል? እነዚያኑ የትዝታ ማይነር አምስት ድምፆች ያዙና ማረፊያችሁን ከሶል ወደ ሬ አዛውሩት። ጣቶቻችሁ አዲስ ፍሬት አልነኩም፤ ዜማው ግን አምባሰል ሆኗል። “ድምፆቹ አንድ ከሆኑ ስሜቱ ለምን ተለወጠ?” ብሎ የጠየቀ ተማሪ ለቲዎሪ ደርሷል። መልሱ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀትና ዜማው የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ዶሪያንና ፍሪጂያንም የሚለያዩት በዚሁ ነው። ከዚህ በኋላ ስሞቹ ሽምደዳ አይሆኑበትም፤ የሰማውን የሚጠራባቸው ይሆናሉ።

ቲዎሪን ጨርሶ መተውም ጉዳት አለው። ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን የተማረውን ሐርመኒ ከአገሩ ቅኝቶች ጋር ባያዋህድ ኢትዮ-ጃዝን ባላገኘን ነበር። የቅኝቱን አምስት ድምፆች ሳያደበዝዙ በኮርድ ለማጀብ ጆሮም ስሌትም ያስፈልጋል።

ስለዚህ የስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን የጊታር አስተማሪዎች ሆይ፣ በመጀመሪያው ቀን ከኮርድ ሰንጠረዡ በፊት ተማሪውን አንድ ነገር ጠይቁት፦ “ይህ ዜማ የት ነው የሚያርፈው?” በአፉ አንጎራጉሮ ማረፊያውን ካገኘ ቅኝት ጀምሯል። ቀሪው ትምህርት ያንን ድምፅ በጣቱ እንዲያገኘው፣ ቀጥሎም በስሙ እንዲጠራው ማገዝ ነው።