ወፍጮ ቤቱ ማንን አሳረፈ?

በአዊ ሰው ኑሮ ላይ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ፈጠራ የትኛው ነው ብለን ሁለት ጸሐፊዎችን ጠየቅን። ሁለቱም የሞተር ወፍጮን መረጡ። ያልተስማሙት ለውጡ ምን እንደሆነ ላይ ነው።

ከዳንግላ፦ ክንድን ነፃ ያወጣ ሞተር

ስለ ፈጠራ ሲወራ ስልክ ይነሳል፣ መኪና ይነሳል፣ መብራት ይነሳል። ወፍጮ ቤትን የሚያነሳ ግን የለም። ድምፁን ስለለመድነው ከጥንት የነበረ ይመስለናል። ከጥንት የነበረው ድንጋይ ወፍጮና መጅ ነው።

ጤፍን አስቡ። ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን ግማሽ ግራም አይሞላም፤ ሺህ የስንዴ ፍሬ ከ30 ግራም በላይ ይመዝናል። ይህን ደቃቅ እህል ዱቄት ለማድረግ ሴቲቱ ተንበርክካ፣ ክብደቷን በመጁ ላይ ጥላ፣ መጀመሪያ ትሸረክታለች፣ ቀጥላ ታደቅቃለች፣ በመጨረሻ ትሰልቃለች። ዳጉሳው አለ፣ ገብሱ አለ። ሽሮና በርበሬ ገና አልተነሱም።

አሁን እናስላ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዊ ዞን 982,942 ሰው፣ 215,564 ቤተሰብ ተቆጥሯል፤ በአማካይ በአንድ ቤት 4.56 ሰው ማለት ነው። ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንይዝ አንድ ቤት በየቀኑ ከ2 ኪሎ በላይ ዱቄት ይፈልጋል። በእጅ አንድ ኪሎ አልሞ ለመፍጨት አንድ ሰዓት ብንሰጠው በየቤቱ ቢያንስ 2 ሰዓት ነው። በ215,564 ሲባዛ 431,128 ሰዓት ይሆናል። የሥራ ቀኑን 8 ሰዓት ብንል፣ ያን ሁሉ እህል ለመፍጨት ወደ 54 ሺህ ሰው ሌላ ሥራ ሳይነካ መዋል ነበረበት። እንደዚያ የሚውሉት ደግሞ ሴቶች ነበሩ።

ሌላው ዓለም ከዚህ ድንጋይ የተላቀቀው ቀድሞ ነው። ሮማዊው መሐንዲስ ቪትሩቪየስ የውሃ ወፍጮን አሠራር የጻፈው ከ2,000 ዓመት በፊት ነው። እንግሊዞች በ1086 እ.ኤ.አ. በንጉሣቸው ትእዛዝ አገራቸውን ሲቆጥሩ ከ5 ሺህ በላይ ወፍጮ መዝግበዋል። በእኛ በኩል ጊልገል አባይ ያን ሁሉ ዘመን ሲፈስ እናቶቻችን ተንበርክከው ቆዩ። ሩዶልፍ ዲዝል ሞተሩን አስነስቶ ያሳየው በ1897 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዓድዋ ላይ ድል በተደረገ ማግስት ዓመት። ዘግይቶም ቢሆን እዚህ ደርሶ በችንጋ ድንጋዩን ያዞረው ያ ሞተር ነው፤ ዛሬ አንድ ኩንታል አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተፈጭቶ ይወጣል።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንበብ የሚችሉት ሴቶች 42 በመቶ፣ ወንዶች 69 በመቶ ነበሩ። ለክፍተቱ ምክንያቱ ብዙ ነው። አንዱ ግን ወንድሟ ፊደል ሲቆጥር እሷ መጅ ይዛ መዋሏ ነው። ልጅቷን ከመጁ ያላቀቃት ሞተሩ ነው፤ ከዚህ የሚስተካከል ፈጠራ አላውቅም።

ከእንጅባራ፦ ሸክሙ ከክንድ ወደ ጀርባ ዞረ

ነፃ መውጣት የሚባለው ቃል ለእኔ ከባድ ቃል ነው።

በገበያ ቀን ጠዋት ወደ ከተማችን ኮሶበር የሚያስገቡትን መንገዶች ቆማችሁ ተመልከቱ። ሴቶች በማዳበሪያ ከረጢት እህል አዝለው በተርታ ይመጣሉ። ክረምት ከሆነ በላስቲክ ጠቅልለውታል፤ የእኛ አገር ዝናብ አንዴ ከያዘ አይለቅም፣ ጭቃውም እግር ይይዛል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ተራ አለ። ጤፍ የያዙት ይቀድማሉ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይከተላሉ፣ በርበሬ ለብቻው ነው፤ የፊተኛዋ እህል ድንጋዩ ውስጥ ይቀርና የኋለኛዋ ዱቄት ውስጥ ይገባልና። ፈጪው ከመውረጃው ዱቄት ዘግኖ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ፈተግ ያደርገዋል፣ ካሰኘው ድንጋዩን ያጠብቃል። አንዷ «ሸርክቶብኛል፣ ድገምልኝ» ብትል ተራዋ አልፏል። የማስፈጫ ሳንቲም ያጣችው እንቁላል ይዛ መጥታ፣ መጀመሪያ እሱን የሚገዛት ስትፈልግ ትቆያለች።

የአጎቴ ሚስት በባንጃ ገጠር ነው የምትኖረው። አንድ ክረምት፣ ወሯ እየገፋ ሳለ፣ ገብስ አዝላ ወፍጮ ቤት ወረደች። ተራዋ ሊደርስ ሲል ችንጋው ተበጠሰ። መለዋወጫው እስኪመጣ ቢጠበቅ ሊመሽ ሆነ፤ ያንኑ ገብስ እንዳዘለች ዳገቱን ወጣች። ልጆቿ ጦማቸውን እንዳያድሩ ከጓዳ ጥግ የተጣለውን ድንጋይ ወፍጮ አቧራውን ጠርጋ ለእራት ያህል ፈጨች። ድንጋዩ ከተወቀረ ዓመታት አልፈውታልና የወጣው ዱቄት ሳይሆን ክክ ነበር፤ እሱኑ ገንፎ አደረገችው። በማግስቱ የቀረውን ገብስ አዝላ እንደገና ወረደች። ይህች ሴት ነፃ ወጥታለች የሚል ካለ ለእሷ ይንገራት።

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 ወፍጮንም መጅንም በዕዳ መያዣነት መውሰድን ይከለክላል። ወፍጮ የአንድ ቤት ነፍስ መሆኑ ታውቆ ነው። ዛሬ ያ ነፍስ በባለ ወፍጮው ቁልፍ ሥር ነው ያለው፤ ባለ ወፍጮው ናፍጣ አጣሁ ካለ መንደሩ በሙሉ ዱቄት ያጣል። እኛ ፈጠራ መጣልን ስንል የባለቤትነቱን ነገር ሳንጠይቅ አለፍን።

አያቴ ሌሊት ዶሮ ሲጮህ ወፍጮ ላይ ተቀምጣ በአገውኛ ታንጎራጉር ነበር። ለአማቷ ፊት ለፊት የማትናገረውን፣ በባሏ የተቀየመችውን፣ ሁሉን እዚያ ታወጣው ነበር፤ የሚሰማውም ሰምቶ ጠዋት ዝም ይላል። የዛሬዋ ሴት ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ የሞተሩ ጩኸት ከጎኗ ካለችው ጋር እንኳ አያነጋግራትም። በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሰኞቻችን እንጅባራ ላይ ተሰብስበው ዓድዋን ሲያስቡ ልቤ በኩራት ይሞላል። ግን ከሠራዊቱ ኋላ ወፍጮ ተሸክመው የዘመቱት፣ ስንቁን ሌሊት ሲፈጩ ያደሩት ሴቶች ስማቸው የት አለ? የጉልበታቸውን ታሪክ «ኋላ ቀር ድንጋይ» ብሎ መጣል ሁለተኛ በደል ነው።

ከዳንግላ፦ መልስ

እህቴ ስለ ተራውና ስለ ጭቃው የጻፉትን አነበብኩ። ያላስቻለኝ እንጉርጉሮው ነው። ሌሊት የምታንጎራጉር ሴት ያንጎራጎረችው ሥራው ስለጨከነባት ነው። ለዚያ ዜማ እንደ ጠፋ ሀብት ማዘን ያማል። በየትልልቁ ቤት ወፍጮ ላይ የሚቀመጡት እነማን እንደነበሩ እናውቃለን፤ ባሮች ናቸው። ባርነትን የሚሽረው አዋጅ በ1934 ዓ.ም. ወጣ፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ነበር፤ ሚስት ተቀመጠችበት፣ ሴት ልጅ ተቀመጠችበት፣ ገረድ ተቀመጠችበት። አዋጅ ያላስነሳቸውን ሞተር አስነሳቸው።

መንገዱ መራቁ የወፍጮው ጥፋት አይደለም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት መብራት የገባለት የገጠር ቤት 8 በመቶ ብቻ ነበር። የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 460 ሜጋ ዋት ማመንጨት የሚችል ተብሎ ነው። መስመሩ ወደ ቀበሌው ቢዘረጋ በናፍጣ ፈንታ በመብራት የሚሠራ ወፍጮ በየመንደሩ ይቆማል። ጉድለቱ የፈጠራው ማነስ ነው፤ መድኃኒቱም ይበልጥ ወፍጮ ነው።

ከእንጅባራ፦ የመጨረሻ ቃል

431,128 ሰዓት! ያንን ቁጥር ደጋግሜ አየሁት፤ ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ወንድሜ፣ ያ ሁሉ ሰዓት የት ሄደ? የትኛዋ የባንጃ ሴት ናት 2 ሰዓቷን በእጇ ተቀብላ ቁጭ ያለችው? ሰዓቱ ገና ሳይደርሳት እንጨት ለቀማ ወሰደው፣ ውሃው ወሰደው፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ከተስፋፋ ወዲህ ደግሞ የከሰሉ ሥራ ወሰደው። ፊቷ ጥቁር፣ እጇ ጥቁር ሆኖ ከሰል ከረጢት ውስጥ ስትጨምር ያየኋት ሴት ወፍጮ ቤት ታስፈጫለች። በእርስዎ ሒሳብ አርፋለች።

ደግሞ ባርነቱን ያነሱት በእኔ ላይ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ድንጋዩ ይመለስ አላልኩም፤ የእናቴን ጉልበት ያሳበጠውን ድንጋይ የምናፍቅበት ምክንያት የለኝም። ያልኩት የባለቤትነት ነገር ነው። በቀበሌዋ መሀል የተተከለ፣ ሴቶቹ በማኅበር የገዙት፣ ቁልፉ በእነሱ እጅ ያለ፣ ገቢውም ወደ እነሱ የሚመለስ ወፍጮ ያሳዩኝ። የአጎቴ ሚስት ከእንግዲህ ገብስ አዝላ ያንን ዳገት የማትወርድበትን ቀን ያሳዩኝ። የዚያን ጊዜ ነፃ ወጣች ሲሉኝ እሰማለሁ። እስከዚያ ግን የተዞረው ድንጋዩ ብቻ ነው እላለሁ፤ ከዚህም አልወጣም።