ፋቂ ማነው?

«ፋቂ» የሚለው ቃል በአገራችን ቆዳ አልፍቶ የሚያድርን ሰው መስደቢያ ሆኖ ብዙ ዘመን ኖሯል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም፣ ስድቡ ከአፋችን ጨርሶ አልጠፋም።

እኛ የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች ግን የምናከብረው የግዕዝ መጽሐፍ ገጹ የተፋቀ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ነው፤ ክዳኑ በቆዳ ይለበጣል፤ ማኅደሩም ቆዳ ነው። ታዲያ ብራና የሚፍቀው ሲከበር፣ ቆዳ የሚፍቀው የሚናቀው በምን ፍርድ ነው?

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ የዚህ ንቀት መድኀኒቱ ወስፌ መጨበጥ ነው እላለሁ። የጀማሪ ችግር መፍትሔ አለውና አንፍራ። ስፌት የሚጣመመው ቀዳዳው በግምት ሲበሳ ነው፤ አስቀድሞ በማስመሪያ ማስመርና እኩል መለካት ይገባል። ቀበቶ ከሆድ በኩል ካለው ቆዳ ቢቆረጥ ይለጠጣል፤ ከጀርባው ይቆረጥ። የራሰ ቆዳ እሳት ዳር ቢሰጣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃልም፤ በጥላ ይድረቅ። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ አስገብቶ በየቀዳዳው ከግራና ከቀኝ ቢያሳልፉት፣ አንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ስፌቱ ቶሎ አይተረተርም።

«ተምሮ ቆዳ መስፋት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ሁለት ቅዳሜ ቀዳዳ ሲበሳ የዋለ ተማሪ ያን ስድብ ለመናገር አፉ አይታዘዝለትም፤ የሥራውንም ዋጋ ያውቃል።

ስለዚህ ማኅበራችን በሳምንት አንድ ቀን የቆዳ ባለሙያ ጋብዞ ያስተምረን። የድካሙም ዋጋ ይከፈለው፤ እኛም «መምህር» ብለን እንጥራው።