የዋሽንግተን ጣት እና የደሴ ጣት

«ዌብሳይት ክፈት፣ ማስታወቂያ ለጥፍበት፣ ተኝተህ ዶላር ታገኛለህ» የሚል ሥልጠና በቴሌግራም ያልደረሰው ሰው ካለ ዕድለኛ ነው። ሠልጣኙ ስለ ቁልፍ ቃል፣ ስለ ትራፊክ፣ ስለ ምናምን ይማራል። አንድ ነገር ግን ማንም አይነግረውም፦ ያቺን ክሊክ የሚገዛት ማነው? ከማን ጣት ስትመጣስ ነው የምትወደደው?

ነገሩ ጨረታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ግሮስ የተባለ አሜሪካዊ ጎቱ በተባለው የፍለጋ ድረ ገጹ ላይ ቃላትን ለጨረታ አቀረበ። ለቃሉ ብዙ የሰጠ ነጋዴ ከላይ ይወጣል፤ የሚከፍለው ግን ሰው ማስታወቂያውን ሲጫንለት ብቻ ነው። ጉግል በ2002 ይህንኑ አሠራር የራሱ አደረገው፤ በ2003 ደግሞ በአድሴንስ በኩል የማንም ሰው ድረ ገጽ የጨረታው ሜዳ እንዲሆን በሩን ከፈተ። ለነጋዴው ሸጋ ነገር ነው፤ ላልመጣ ሰው አይከፍልም።

ለጸሐፊውስ? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የክሊኳን ዋጋ በዋናነት የሚወስነው አንባቢው ነገ ሊገዛ የሚችለው ነገር ነው። ዋሽንግተን ያለችው አንባቢ የመኪና ኢንሹራንስ ትገዛለች፣ ጠበቃ ትቀጥራለች፣ ቤት በብድር ትገዛለች። ለእሷ የሚጫረተው ብዙ ነው። ደሴ ያለው አንባቢ ዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ የለውም፤ ለእሱ ማን ይጫረታል? አንድ ግጥም፣ አንድ ገጽ፣ ሁለት አንባቢ፤ አንደኛዋ ብዙ ታወጣለች፣ ሌላኛው ከምንም አይቆጠርም። ግጥሙ ጥሩ ይሁን መጥፎ በሒሳቡ ውስጥ የለም።

የድረ ገጹ ባለቤት ይሄንን በደንብ ያውቃል። ገቢው በአገር በአገር ተዘርዝሮ ይመጣለታላ! ክፉ ሰው መሆን አያስፈልገውም፤ ሠንጠረዡን ማየት ብቻ ይበቃዋል። ቀስ በቀስ የሚጽፈው ባሕር ማዶ ላለው፣ ለናፈቀውና ለተናደደው ሰው ይሆናል። «ሰበር!» «ጉድ ፈላ!» «ይህን ሳያነቡ እንዳይተኙ!» ርዕሱ የማለውን ጽሑፉ አምስተኛው አንቀጽ ላይ ይክደዋል፤ እስከዚያ ድረስ ማስታወቂያዎቹ ሁሉ ታይተዋል። (ዲያስፖራው ላይ ጣት እየቀሰርኩ አይደለም። የእሱ ጣት መወደዷ ጥፋቱ አይደለም።) ግን ወሬው እሳት ከሆነ፣ የሚነደው ክሊኩ ርካሽ በሆነበት አገር ነው። ደሴ ያለው አንባቢ ለገቢ አይቆጠርም፤ ወሬው ሲሳሳት ግን ስንቅ ቋጥሮ የሚሸሸው እሱ ነው።

ቋንቋው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። አድሴንስ የሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ሲረዝም አማርኛ ሳይገባበት ዓመታት አልፈዋል። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል፦ «መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ስለ ኢንሹራንስ ጻፍ፤ ሲፈቀድልህ አማርኛህን አስገባ።» እስቲ ይታያችሁ፣ የአማርኛ ጸሐፊ አማርኛን በጓሮ በር ደብቆ ሲያስገባ!

ደግሞ «ማስታወቂያውን በመጫን ይደግፉን» የሚሉ አሉ። የአድሴንስ ደንብ ይህንን ይከለክላል፤ አካውንት ያዘጋል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ደንቡ አይደለም፣ የሚከፍለው ሰው ነው። ለምሳሌ ላሊበላ ውስጥ ትንሽ ፔንሲዮን ያላትን ሴት እናስብ። የውጭ እንግዳ ፈልጋ ማስታወቂያ ልታስገባ ብትነሳ፣ በገዛ ቤቷ ስም ሳይቀር ከግዙፍ የሆቴል ማስያዣ ድርጅቶች ጋር መጫረት ይኖርባታል። እነሱ ለማስታወቂያ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ያፈሳሉ። ከየት ያመጡታል? ከዚችው ሴትዮ ላይ ጭምር፤ በእነሱ በኩል እንግዳ በመጣ ቁጥር ኮሚሽን ትከፍላቸዋለችና። በገዛ ገንዘቧ ይጫረቷታል ማለት ነው። እሷ ደግሞ ዶላሩን በየት በኩል ታግኘው? ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። ክሊኩ ያው ክሊክ ነው፣ ለእሷ ግን እጥፍ ሊሆን ምን ቀረው። እንግዲህ አንባቢን ለምነን በከንቱ የምናስጫነው የዚችን ሴት ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

«ታዲያ ጸሐፊ ምን ይብላ? ነፃ ጽሑፍ በምን ይኖራል?» ትሉኛላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማስታወቂያንም በጅምላ አልጠላም። ጋዜጦቻችን የኖሩት ቦታ እየሸጡ ነው። መንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ ልብስ ሰፊው፣ የጨረታ ማስታወቂያ አውጪው መሥሪያ ቤት ለቦታው ይከፍል ነበር፤ አንባቢው ደሴ ይሁን ደብረ ማርቆስ ለይቶ የሚተምን አልነበረም። ደግሞ ሠልጣኞች ይስሙኝ፦ ጉግል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አድሴንስ ለድረ ገጾች የሚከፍለውን ከክሊክ ወደ እይታ እንደሚያዞር አስታውቋል። ዛሬም ስለ ክሊክ እየማላችሁ ከሆነ ያረጀ ደብተር ነው የተሸጠላችሁ።

አድሴንስ ሒሳባችሁ 100 ዶላር እስኪሞላ አይከፍልም። ለትንሽ የአማርኛ ገጽ ይህ የወራት ጥበቃ ሊሆን ይችላል። መቶ አንባቢ በወር ሃምሳ ሃምሳ ብር በቴሌብር ቢልክ አምስት ሺህ ብር ነው፤ ከደሴ የመጣው ሃምሳም እንደ ሌላው ሃምሳ ተቆጥሮ። መቶ ሰው ማግኘት ቀላል ነው አላልኩም፤ እንዲያውም ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ተታሎ የገባ አንባቢ ሃምሳ ብር አይልክም። ከገጹ ጥግ አንዱን ደግሞ በወር ክፍያ፣ ዋጋውን በግልጽ ጽፋችሁ፣ ለምታውቁት ነጋዴ ሽጡ። አራት ኪሎ ካሉት መጻሕፍት ሻጮች ጀምሩ፤ የእናንተ አንባቢና የእነሱ ደንበኛ አንድ ሰው ነው።