ያረጀ መሣሪያ በሩ ሊዘጋበት ይገባልን?

ተማሪዎች ሆይ፤ በአንድ ማለዳ ካዛንቺስ ውስጥ መንገድ ዳር ቆሞ የሥራ ጥሪ የሚጠባበቅ አንድ የታክሲ አሽከርካሪ በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱ። መኪናውን አጥቦ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ የዕለት እንጀራውን ፍለጋ ወጥቷል። ነገር ግን የእጅ ስልኩን አውጥቶ የሥራውን መተግበሪያ ሊከፍት ሲል፣ «ይህ እትም አርጅቷል፤ ካልታደሰ በስተቀር አይሠራም» የሚል ጽሑፍ ከፊቱ ድቅን ይላል። ትናንት ማታ ደኅና ሲያገለግለው የነበረው መሣሪያ ዛሬ ጠዋት ፊት ነሣው። ስልኩ የራሱ ነው፤ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶታል። ታዲያ በገዛ ስልኩ ላይ ያለውን መሣሪያ እንዳይከፍት የሚከለክለው ማን ነው? በምንስ መብት?

ይህ የአንድ ሰው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ራይድንና ፈረስን በመሳሰሉ የጥሪ አገልግሎቶች የሚተዳደሩ አሽከርካሪዎች፣ ዕቃ የሚያደርሱ ወጣቶች፣ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. በጀመረው ቴሌብር ከደንበኞቻቸው ገንዘብ የሚቀበሉ ባለሱቆች፣ ሁሉም እንጀራቸውን ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጋር አስተሳስረዋል። በእኔ አስተያየት ያረጀ የሥራ መተግበሪያ እንዳይከፈት መከልከል ተገቢ ነው። ሆኖም ከልካዩ ክልከላውን በአግባቡ ካልፈጸመው፣ ትክክለኛው ሥራ ወደ በደል ይለወጣል። ምክንያቴን ከዚህ ቀጥዬ አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንረዳ። እያንዳንዱ መተግበሪያ የእትም ቁጥር አለው፤ አዲስ እትም በወጣ ጊዜ ሁሉ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መተግበሪያው ሲከፈት ይህንኑ ቁጥር በኢንተርኔት አማካይነት ለድርጅቱ ዋና ኮምፒዩተር፣ ማለትም ለሰርቨሩ ያስታውቃል። ሰርቨሩም ቁጥሩን ከተፈቀደው ዝቅተኛ ቁጥር ጋር ያነጻጽራል። እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ በሩን ይከፍታል፤ የሚያንስ ከሆነ ግን በሥራው ገጽ ፈንታ «አድሱ» የሚል ማስታወቂያ ይመጣል።

እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ቁጥሩን የማስታወቅና መልሱን የማክበር ጠባይ በመተግበሪያው ውስጥ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ በተጠቃሚዎች ስልክ ላይ ባለው አሮጌ እትም ውስጥ በኋላ ልጨምረው ቢሉ አይቻልም። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪ የመጀመሪያውን እትም ሲያወጣ የሚያበቃበትን ቀን ጭምር ያስባል። ይህን የዘነጋ ሠሪ ግን ሰርቨሩ ለአሮጌው እትም መልስ እንዳይሰጥ ከማድረግ በቀር እምብዛም ሌላ መንገድ አይኖረውም። ያን ጊዜ ተጠቃሚው ምክንያቱን በማያውቀው ስሕተት ፊት ግራ ተጋብቶ ይቆማል።

ለመሆኑ አሮጌው እትም ለምን ይከለከላል? አንደኛው ምክንያት እውነት ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች የጣልያንኛ መጠሪያ፣ ከ«ካዛ ኢንቺስ» የመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሥራ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛውረዋል። እንግዲህ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ካርታ በውስጡ የያዘ አሮጌ መተግበሪያ ቢኖር፣ አሽከርካሪውን ወደሌለ መንገድና ወደፈረሰ ቤት ይመራዋል። አዲሱን እትም የያዘው ተሳፋሪ በአንድ ሥፍራ ይጠብቃል፤ አሮጌውን የያዘው አሽከርካሪ በሌላ ሥፍራ ይፈልገዋል። ሁለቱም አልዋሹም፤ ነገር ግን አይገናኙም። የጋራ ሥራ የጋራ ሕግ ይሻልና፣ ዋጋውም፣ ደንቡም፣ ካርታውም ለሁሉም አንድ መሆን አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ጥበቃ ነው። አንድ ድርጅት በመተግበሪያው ውስጥ ያገኘውን ቀዳዳ ደፍኖ አዲስ እትም ሲያወጣ፣ ሁለቱን እትሞች አስተያይቶ ቀዳዳው የት እንደነበር ለማወቅ ለሠለጠነ ሌባ አያስቸግረውም። ከዚያች ቀን ጀምሮ አሮጌውን እትም የያዘ ሰው መዝጊያው መሰበሩ በአደባባይ በተነገረበት ቤት ውስጥ እንደሚያድር ሰው ነው። ጉዳቱም በእርሱ ብቻ አይወሰንም፤ የደንበኞቹን ስም፣ የስልክ ቁጥርና ሂሳብ ይነካል። «ስልኩ የራሴ ነው» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ የግል ንብረት መሆኑ እርግጥ ነው፤ በውስጡ የሚያልፈው አደራ ግን የሌሎች ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ይሁን እንጂ የተቃዋሚዎችን ሐሳብ ሳንመረምር ብናልፍ ፍርዳችን ሚዛኑን ይስታል። እነርሱ እንዲህ ይላሉ፤ «አዲስ የሆነ ሁሉ ደኅና አይደለም። ደግሞም ለማደስ የኢንተርኔት ጥቅል መግዛት፣ በስልኩ ላይ ባዶ ቦታ ማግኘት ያስፈልጋል፤ አንዳንዱም ስልክ ከማርጀቱ የተነሣ አዲሱን እትም አይቀበልም። ድርጅቱ በአንድ ትእዛዝ በሩን ሲዘጋ፣ የሚዘጋው በድሃው ጉሮሮ ላይ ነው።» ይህ አባባል እውነትነት አለው። በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ አንዳንድ ደንበኞች በሂሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣት የቻሉበት ሁኔታ ተፈጥሮ ነበር። ባንኩም ችግሩ ከተለመደው ሥርዓቱን የማደስና የመፈተሽ ሥራ ጋር የተያያዘ እንጂ የውጭ ጥቃት እንዳልነበረ በወቅቱ ገልጿል። ማደስ ራሱ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ መሆኑን ከዚህ እንማራለን። አዲሱን ሳይፈትን አሮጌውን የሚዘጋ ድርጅት፣ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለው ተረት ይደርስበታል።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? አሮጌውን ለዘለዓለም ማስታመም አይደለም፤ የመዝጊያውን ሥርዓት ማሳመር ነው። ለዚህም ከአገራችን የቅርብ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ እናገኛለን። መንግሥት መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50ና የ100 ብር ኖቶች መለወጣቸውን፣ አዲስ የ200 ብር ኖት መጨመሩንም ሲያስታውቅ፣ አሮጌዎቹ በዚያው ዕለት ዋጋ አጡ አላለም። የሦስት ወር የመለወጫ ጊዜ ተሰጠ። የ5 ብር ኖት ደግሞ ሳይለወጥ በሥራ ላይ ቆየ። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ መለወጥ የሚገባው ይለወጣል፣ ጊዜውም አስቀድሞ ይነገራል፣ መለወጥ የማያስፈልገው ግን አይነካም።

በዚህ መሠረት የሥራ መተግበሪያን የሚዘጋ ድርጅት አራት ግዴታዎች አሉበት እላለሁ። አንደኛ፣ አደጋው ቀን የማይሰጥ ካልሆነ በቀር፣ የሚዘጋበትን ቀን ቀደም ብሎ በተጠቃሚው ቋንቋ ይንገር። ሁለተኛ፣ የተጀመረን ሥራ አያቋርጥ። ተሳፋሪ የጫነ አሽከርካሪ ጉዞውን ጨርሶ ሂሳቡን ሳይቀበል በሩ ሊዘጋበት አይገባም። ጉግል ለአንድሮይድ መተግበሪያዎች ሁለት የማደሻ መንገዶች አዘጋጅቷል፤ አንደኛው ተጠቃሚው ሥራውን እየሠራ አዲሱ እትም ከበስተጀርባ የሚወርድበት ሲሆን፣ ሁለተኛው እስኪታደስ ድረስ የሚያስቆም ነው። በመጀመሪያው ሊፈጸም የሚቻለውን በሁለተኛው ማስገደድ ደግ አሠራር አይደለም። ሦስተኛ፣ አንዱን በር ሲዘጋ ሌላ በር ይተው። ቴሌብር በመተግበሪያው ብቻ ሳይሆን *127# በመደወል በተራ ስልክም ይሠራል፤ ስለሆነም ዘመናዊ ስልክ የሌለው ሰው ከአገልግሎቱ አይገለልም። አራተኛ፣ እውነተኛው እትም የሚገኝበትን ሥፍራ ያሳይ።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ እናንተንም ይመለከታል። አንድሮይድ በአሮጌው መተግበሪያ ላይ የሚጫነው አዲስ እትም የቀድሞውን ሠሪ ዲጂታል ፊርማ የያዘ መሆኑን ይመረምራል፤ ፊርማው ካልተስማማ አይጭነውም። ስለዚህ አንድ ሰው «አሮጌውን አጥፉና በቴሌግራም የላክሁላችሁን ጫኑ» ቢላችሁ፣ ምክሩ ይህን ዘበኛ የሚያስወግድ መሆኑን ዕወቁ። በቤታችሁ በስልክ የሚሠራ አባት፣ እናት ወይም ታላቅ ወንድም ካለ፣ ይህን አስረዱ፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት መተግበሪያውን ከሕጋዊው መደብር እንዲያድስም እርዱት። ማልዶ ከሚመጣ ድንጋጤ ከማታ የሚደረግ ጥንቃቄ ይሻላል።

እንግዲህ ወደዚያ አሽከርካሪ እንመለስ። በሩ የተዘጋበት ካለፈው ወር ጀምሮ ሲነገረው ቆይቶ ከሆነ፣ የቀረው የእርሱ ኃላፊነት ነው። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ የኢንተርኔት ጥቅሉ ባለቀበት ማለዳ የተዘጋበት ከሆነ ግን፣ ያን ዕለት ልጆቹ የሚበሉትን ያጎደለው ድርጅቱ ነው። በር መዝጋት ለጠባቂ የተሰጠ መብት ነው፤ ከመዝጋቱ በፊት «እዘጋለሁ» ብሎ መጮህ ደግሞ ግዴታው ነው። እናንተም ነገ መሣሪያ ሠሪዎች ስትሆኑ፣ የእትም ቁጥሩን ከማሰባችሁ በፊት በሩ ላይ የሚቆመውን ሰው አስቡት። ከዚህ አስተያየት የማይስማማ ተማሪ ካለም ምክንያቱን በቅደም ተከተል ጽፎ ይከራከር፤ የሐሳብ በር ለማንም አልተዘጋም።